የመዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተርና አሥራ ሁለት ዘበኞቹ

ወዳጄ፣ ሰው ሲሠራ ቆሞ እንደማየት የሚያደክም ሥራ የለም። የሚሠራውማ ሲደክመው አረፍ ይላል። የሚያየው መቼ ይረፍ?

ይህን የምልህ ከልምዴ ነው። ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመሬት መዝገብ ሠራተኛ ነኝ። ያለን አንድ ኮምፒዩተር ነው፤ እሱም ሸምግሏል። ፋይል ክፈት ብለኸው ገበያ ደርሰህ ብትመለስ ገና ሲያስብ ታገኘዋለህ። በዚህ የተነሳ ዘሃራ ተጠራች። ዘሃራ የሞጣ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምረው ጨርቅ ይነግዳሉ፤ እሷ ኮምፒዩተር ትጠግናለች።

መጥታ አንድ ጥቁር መስኮት ከፈተች። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው። «ቶፕ» ብላ ጻፈችና አንድ ቁልፍ ነካች። የስም ዝርዝር ዥው ብሎ ወረደ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ በዚያች ደቂቃ ያለው ፕሮግራም ሁሉ ከነቁጥሩና ከነባለቤቱ ስም ተሰልፏል፤ ከኮምፒዩተሩ ጉልበት ከመቶ ስንቱን እንደሚበላ ሳይቀር ተጽፏል። ብዙ የሚበላው ከላይ፣ የተኛው ከታች። ለመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞችም እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢኖር ብዬ አሰብኩ። ኃላፊያችን አጠገቤ ቆመው ስለነበር ግን ማሰቤን አቆምኩ።

ዘሃራ ከላይ የተቀመጠውን በላተኛ በቁጥሩ ጠርታ አስወገደችው። ኮምፒዩተሩ ወዲያው ቀለለው። ስትሄድ፣ «ጋሼ ይበልጣል፣ ሲከብድበት ይቺን ከፍተው ይዩ። የሚበላውን ይፈልጉ እንጂ የተኛውን አይንኩ» አለችኝ። ሌላም ነገር ብላ ነበር፤ ስለ መዝጋት ይመስለኛል። መኪናው ሊያመልጣት ሆነና በደንብ አልሰማኋትም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠባቂ ሆንኩ። ዝርዝሩ በየሦስት ሰከንዱ ይታደሳል። እህ፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ስንት ነገር ሊያመልጥ ነው? ሌባ ሦስት ሰከንድ ካገኘ ምን ቀረው? ሳታርፍ አድስ ብዬ አዘዝኩት። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስገባ ደግሞ አዲስ ጥቁር መስኮት እከፍታለሁ። የትናንቱን ልዝጋው? ዘበኛ ይጨመራል እንጂ ይነሳል እንዴ? አሥራ ሁለት ቀን ሠርቼ አሥራ ሁለት ሆኑ። ያን ሰሞን መብራት አንዴም አለመጥፋቱ ራሱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር።

በዚህ መካከል ወይዘሮ ጥሩነሽ መጡ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ እርሻውን የያዘው የባላቸው ወንድም «የእኔ ነው» ማለት ጀምሯል። ፍርድ ቤቱ እስከ ዓርብ ከሰዓት የይዞታውን ማስረጃ አቅርቢ ብሏቸዋል። ካላቀረቡ መሬቱ ሄደ። ሰኞ መጡ፤ ኮምፒዩተሩ ፋይላቸውን ሊከፍት አልቻለም። ማክሰኞ መጡ፤ ጭራሽ ድርቅ አለ። ረቡዕ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይኸ እቃ እንደኔ ታሞ እንደሆነ ጠበል ይሞከርለት» አሉኝ። አፈርኩ።

ጥቁሩን መስኮት አፍጥጬ አየሁት። ከላይ ይበልጣል፣ ይበልጣል፣ ይበልጣል ይላል። የእኔ ስም ነው፤ ደስ አለኝ። ዘበኛ በር ላይ ካልቆመ የት ሊቆም ነው? ወደ ታች ስወርድ ግን ክው አልኩ። «ጌጡ» ይላል። ተኝቷል! ጋሽ ጌጡ ከእኔ በፊት መዝገብ ቤቱን የያዙ፣ ጡረታ ወጥተው ሞጣ የገቡ ሰው ናቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? ሥራ ለቀው ሲያበቁ የመንግሥት ኮምፒዩተር ውስጥ መተኛት ምን ይሉታል? የወይዘሮ ጥሩነሽን መንገድ የዘጋው ማን እንደሆነ ታወቀ።

አስወግደው አትለኝም? ትእዛዙ በእንግሊዝኛ «ግደል» ነው የሚለው። በጋሽ ጌጡ ስም ላይ? ማህተም አያያዝ ያስተማሩኝን ሰው? እኔ በፊታቸው እግሬን አነባብሬ ተቀምጬ አላውቅም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሞጣ ሄጄ ፈቃዳቸውን ልጠይቅ ቆረጥኩ።

ባዶ እጅ ደግሞ አይኬድም። ዝርዝሩን በእጄ ገለበጥኩት። አንዱን ስጽፍ ሌላው ቦታ ይቀይራል፤ ስብሰባ ላይ እንኳ እንዲህ ወንበር የሚቀያየር ሰው አላየሁም። እንደምንም ጨርሼ «ከዋናው ጋር ትክክለኛ ግልባጭ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብዬ ፈረምኩ። ክብ ማህተም መታሁበት። ሐሙስ ቢሮውን ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ በግንደወይን አድርጌ ሞጣ ገባሁ።

ጋሽ ጌጡን ያገኘኋቸው ከዘሃራ አባት ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ዘሃራም ነበረች። ከሰላምታ በኋላ ጎንበስ ብዬ ጉዳዬን ነገርኳቸው፤ «ጋሽ ጌጡ፣ በሥራ ምክንያት ልገድልዎ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁ» አልኩ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየቆጠሩ ወረዱ። ቆይተው ለዘሃራ አሳለፉላት። ዘሃራ አንዴ አየችውና በሻርፗ አፏን ሸፈነች።

«ጋሼ ይበልጣል፣ እነዚህ አሥራ ሁለቱ በላተኞች እኮ እርስዎ ነዎት! ለሌላው ሥራ የሚተርፍ ጉልበት የት አለ? የጋሽ ጌጡ ፕሮግራም እኮ ዜሮ ነው የሚበላው። በቀን አንዴ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ መዝገቡ እንዳይጠፋ ቅጂ ያስቀምጣል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሥራ ላይ ሳሉ እኔው ነኝ በስማቸው የሠራሁላቸው።»

ጋሽ ጌጡ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ዱሮም ሥራዬን ጨርሼ ነው የምተኛ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይበልጤ፣ አንድ ሽማግሌ ልትገድል አሥራ ሁለት ሆነህ ትመጣለህ?»

የሱቁ ገበያተኛ ሳይቀር ሳቀ። እኔም በአክብሮት ሳቅሁ፤ የምስቀው በራሴ መሆኑ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

ዓርብ በመጀመሪያው መኪና ተመለስኩ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከተቆለፈው በር ሥር ቆመዋል። ገብቼ ዘበኞቼን አንድ በአንድ አሰናበትኩ። አሥራ ሁለተኛው ሲዘጋ ኮምፒዩተሩ እንደ ወጣት ፈጠነ። ፋይላቸው ተከፈተ፣ ማስረጃው ታተመ፣ ማህተም ተመታ። የፍርድ ቤቱ ሰዓት ገና አልደረሰም ነበር።

ወረቀቱን በመቀነታቸው ሲቋጥሩ፣ «ለመሆኑ ምን ሆኖ ነበር ልጄ?» አሉኝ።

መዋሸት ከበደኝ። «ጠባቂ በዝቶበት ነበር፣ እናቴ» አልኳቸው።

«ወይ ጉድ!» አሉ። «የባሌም ወንድም እርሻውን ሲይዝ እንዲሁ ልጠብቅልሽ ብሎኝ ነበር።»