በር ላይ የቆመው ሰውዬ

[በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥላ ባለች ጠባብ ክፍል። የቤቱ ሰው ሁሉ «እማማ እንግዲህ» የሚላቸው የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ትልቅ ቅርጫት ፊት ተቀምጠው የአርባ ሰው ካልሲ ጥንድ ጥንዱን እየፈለጉ ያጣምራሉ። ሥራውን ማንም አልሰጣቸውም፤ እጃቸው ቦዝኖ መዋል ስለማይወድ ራሳቸው ነጥቀው ወሰዱት። ትይዩአቸው አንድ ጎልማሳ አጥኚ ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ የሩጫ መለኪያ ሰዓት፣ ጭኑ ላይ የወረቀት ማህደር። ላግዝ ብሎ ሁለት ጥቁር ካልሲ ጠቅልሎ ነበር። እማማ መልሰው ፈቱት።]

አጥኚው፦ እማማ፣ ሁለቱም ጥቁር ናቸው እኮ።

እማማ፦ ናቸው።

አጥኚው፦ ልካቸውም አንድ ነው።

እማማ፦ አንድ ነው።

አጥኚው፦ ታዲያ ለምን ይፈቱታል?

እማማ፦ ይሄኛው የአራት ቁጥር ክፍሏ ሴትዮ ነው። እግሯ ስለሚያብጥ ላስቲኩን አላልተንላታል። ያኛው የጡረተኛው ሹፌር ነው። አውራ ጣቱ ሁልጊዜ ይበሳዋል፤ እየው ቀዳዳውን።

አጥኚው፦ በቀለም ብቻ ቢለዩት ግን በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር።

እማማ፦ ያልቅ ነበር። ከዚያስ?

አጥኚው፦ ከዚያማ ጊዜ ይተርፍዎታል።

እማማ፦ ለምን የሚሆን?

አጥኚው፦ ለ... ለሌላ ነገር።

እማማ፦ እንግዲህ ሌላ ነገር ቢኖረኝ ካልሲ ላይ ምን ጎለተኝ የኔ ልጅ?

[አጥኚው ይህን የሚያስገባበት ሳጥን ወረቀቱ ላይ ፈልጎ አጣ። ማህደሩን ገለጠ።]

አጥኚው፦ እሺ፣ ወደ ሥራችን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለኝ፤ ያልጠየቅኩት እርስዎን ብቻ ነው። ጥናቱ የአገልግሎት ጥራትን፣ ቅልጥፍናንና ነዋሪውን ማዕከል ያደረገ እንክብካቤን ይመለከታል።

እማማ፦ ማንን ማዕከል ያደረገ?

አጥኚው፦ እርስዎን።

እማማ፦ እኔን ነው? ሦስት ወር ሙሉ ባጠገቤ ስታልፍ አንድ ቀን እንኳ «እንደምን አደሩ» አላልከኝም።

አጥኚው፦ ውጤቱን እንዳላዛባ ነው እማማ። አጥኚ ከነዋሪ ጋር አይቀራረብም።

እማማ፦ ይሁን። ጠይቅ።

አጥኚው፦ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጡኛል። አንድ በጣም መጥፎ፣ አምስት በጣም ጥሩ። ምግቡ?

እማማ፦ አምስት።

አጥኚው፦ የክፍሉ ንጽሕና?

እማማ፦ አምስት።

አጥኚው፦ የመታጠቢያው ውሃ ሙቀት?

እማማ፦ አምስት።

አጥኚው፦ ማሞቂያው ከማክሰኞ ጀምሮ ተበላሽቷል እኮ!

እማማ፦ ካወቅከው ምን አስጠየቀህ?

አጥኚው፦ እማማ፣ እኛ የምንፈልገው እውነቱን ነው።

እማማ፦ እውነቱንማ አምና ሰጥተን አየነው። አንዲት አጥኚ መጥታ ሾርባው እንዴት ነው አለችን። ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰን ብለን ሁለት ሁለት ሰጠናት።

አጥኚው፦ ከዚያ ሾርባው ተስተካከለ።

እማማ፦ ከዚያ አብሳይዋ ተባረረች። ማን ጥርስ እንዳለው፣ ማን እንደሌለው በቃሏ የምታውቅ ልጅ ነበረች።

አጥኚው፦ ሾርባውስ?

እማማ፦ ዛሬም ቀዝቃዛ ነው። ኩሽናው ምድር ላይ፣ እኛ ሦስተኛ ፎቅ፤ አብሳይዋ ደረጃውን ታሳጥረው? ከዚያ ወዲህ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበን ተማማልን። ማንም ይምጣ ማን፣ አምስት። ባለ ራዲዮኗ ብቻ ስድስት ካልሰጠሁ እያለች ታስቸግረናለች።

[አጥኚው ካለፉት ወረቀቶች ጥቂቱን ገለጥ ገለጥ አደረገ። ሁሉም አምስት ነው። አንዱ ላይ ስድስት አለ። ማህደሩን በቀስታ ዘጋው።]

አጥኚው፦ እሺ፣ ነጥቡ ይቅር። ስለ ተንከባካቢዎቹ እንነጋገር። በእናንተ በኩል ሁለት አሉ።

እማማ፦ ንፋስና እርጋታ።

አጥኚው፦ ስማቸው እንደዚያ አይደለም።

እማማ፦ ያንን እናቶቻቸው አወጡላቸው፣ ይሄን እኛ።

አጥኚው፦ ይሁን። ንፋስ የምትሏት አንድ ነዋሪ ከአልጋ አንሥታ፣ አልብሳ፣ በአራት ደቂቃ ትወጣለች። አራት! እኔ በሥራዬ እንዲህ ያለች ሠራተኛ አላየሁም።

እማማ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አጥኚው፦ ቀበቶ እኮ አታስርም እማማ፤ የነዋሪው ሱሪ ሁሉ ባለ ላስቲክ ነው። አረጋግጫለሁ።

እማማ፦ እንግዲህ ካረጋገጥክ።

አጥኚው፦ እርጋታ የምትሏት ደግሞ እርስዎ ክፍል ብቻ ሃያ ሁለት ደቂቃ ትፈጃለች። በየቀኑ።

እማማ፦ በምን አወቅክ?

አጥኚው፦ በሩ ላይ ቆሜ ለካኋት። ስትገባ ሰዓቱን እጫናለሁ፣ ስትወጣ እጫናለሁ።

እማማ፦ ገባ ብለህ አታይም?

አጥኚው፦ ሰው ልብስ እየለበሰ! የነዋሪ ክብር መጠበቅ አለበት።

እማማ፦ ተባረክ።

አጥኚው፦ ብቻ ስብሰባው ካጸደቀው ከነገ ጀምሮ ወደ መጋዘን ትዛወራለች። ሳሙናና አንሶላ ታድላለች።

[የእማማ እጅ ካልሲ ውስጥ እንደገባ ቀረ። ከጠዋት ጀምሮ እጃቸው ሲቆም ይሄ የመጀመሪያው ነው።]

እማማ፦ ከነገ?

አጥኚው፦ ከነገ። የቀረኝ አንዲት መስመር ናት፦ በሃያ ሁለቱ ደቂቃ ውስጥ ልጅቷ ምን ትሠራለች? እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

እማማ፦ ምንም።

አጥኚው፦ ይቅርታ?

እማማ፦ ምንም አትሠራም።

አጥኚው፦ [እየጻፈ] ምንም... አትሠራም። ስልክ ታወራለች?

እማማ፦ ስልኳን ይዛ አትገባም።

አጥኚው፦ ታንቀላፋለች?

እማማ፦ ኧረ ዓይኗን ከኔ ላይ አትነቅልም።

አጥኚው፦ ቁጭ ብላ ታይዎታለች ማለት ነው?

እማማ፦ ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ከታ።

አጥኚው፦ ጭኗ ሥር ከታ! [ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል] እማማ፣ በሦስት ወር ያላገኘሁትን ማስረጃ በሦስት ደቂቃ ሰጡኝ። እድሜ ይስጥልኝ!

እማማ፦ አሜን።

አጥኚው፦ ለመሆኑ እሷ እንዲያ ከተቀመጠች እርስዎን ማን ያለብስዎታል?

እማማ፦ እኔ ነኛ።

አጥኚው፦ እንዴት እርስዎ?

እማማ፦ በነዚህ።

[እጃቸውን ከካልሲው አውጥተው ዘረጉት። ጣቶቻቸው በቁርጥማት እንደ ዝንጅብል ወዲያና ወዲህ ተጣመዋል።]

እማማ፦ ሹራቤ ሰባት ቁልፍ አለው። አንዱ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ የአንገቱ ሁለት። ልጅቷ ሆዷ አይችልም፤ ስታገል ስታየኝ እጇ ላግዝ ላግዝ ይላል። ለዚህ ነው እጇ ላይ የምትቀመጠው። አንድ ቀን ሦስተኛው ቁልፍ እምቢ ብሎኝ ሳለ ዞር ብላ ዓይኗን ጠራረገች። እጇን ግን አላነሣችም።

አጥኚው፦ ቆይ። ቆይ እማማ። ታዲያ ያ ሃያ ሁለት ደቂቃ...

እማማ፦ የኔ ነው። ሦስት ወር የለካኸው እኔን ነው፤ በሷ ስም ጻፍከው እንጂ።

[ከግድግዳው ወዲያ የማጠቢያው መኪና ይሽከረከራል።]

አጥኚው፦ ቢሆንም ንፋስ ፈጣን ናት። በአራት ደቂቃ...

እማማ፦ ንፋስ ክፉ ልጅ አይደለችም። ቶሎ በይ ሲሏት የኖረች ቸኳይ ናት። የስድስት ቁጥሯን ታውቃታለህ? ልብስ ሰፊ ነበረች። እዚህ ስትገባ መርፌ ላይ ክር ራሷ ትሰካ ነበር። ንፋስ ቆለፈችላት፣ አበጠረቻት፣ ጫማዋን አሰረችላት። እንግዲህ ሁሉ ነገር ሲደረግለት የዋለ እጅ ሥራውን ይረሳል። ዛሬ ማን ነው የሚያጎርሳት? ወረቀትህ ላይ የለም?

አጥኚው፦ [ይገልጣል] ስድስት ቁጥር... ማልበስ፣ አራት ደቂቃ። ማጉረስ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ።

እማማ፦ በቀን ስንቴ?

አጥኚው፦ ሦስቴ።

እማማ፦ እኔስ ጋ ምን ይላል?

አጥኚው፦ እርስዎ... ማልበስ ሃያ ሁለት። ማጉረስ፣ ባዶ። ማበጠር፣ ባዶ። ጫማ ማሰር፣ ባዶ። [ጭንቅላቱን ያካል] እኔ እኮ መረጃ የጎደለ መስሎኝ ነው። ባዶ የሆነውን ሁሉ ከስሌቱ አውጥቼዋለሁ።

እማማ፦ እንግዲህ መልሰህ ደምረው።

[አጥኚው ደመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንዴ በጣቱም ቆጠረ።]

አጥኚው፦ በንፋስ እጅ ያለችው በቀን መቶ ዘጠኝ ደቂቃ። በእርጋታ እጅ ያሉት እርስዎ... ሃያ ሁለት።

እማማ፦ እኔ እንኳ መደመር ብዙም አልሆነልኝም። ይበዛል ወይስ ያንሳል?

አጥኚው፦ እማማ! ይሄን ሁሉ እያወቁ ሦስት ወር ሙሉ ዝም ይሉኛል?

እማማ፦ ወረቀት ይዘህ መጠየቅ እስክትጀምር አጥኚ መሆንህን በምን አውቄ?

አጥኚው፦ በየበሩ ሰዓት ይዤ ስቆም እያዩ!

እማማ፦ ተቀጥተህ መስሎን ነዋ።

አጥኚው፦ ተቀጥቼ?

እማማ፦ አንድ ጎልማሳ በጠዋት መጥቶ፣ ከማንም ሳይነጋገር፣ ፊቱን ወደ በር አዙሮ ሲቆም ምን እንበል? አጥፍቶ አለቃው አቁሞት ነው አልን። ባለ ራዲዮኗማ አንጀቷ አልችል ብሎ በሩ ሥር ብስኩት ታስቀምጥልህ ነበር።

አጥኚው፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ብስኩቱን «የምግብ ብክነት» ብዬ ነው የመዘገብኩት።

እማማ፦ በላኸው?

አጥኚው፦ ...በላሁት።

እማማ፦ እንግዲህ ምኑ ባከነ?

[አጥኚው ብዕሩን አኖረ። ወዲያው ግን የተማረ ሰው ነውና አንድ ነገር ትዝ አለው፤ መልሶ አነሣው።]

አጥኚው፦ ቆይ! ሂሳቡ አይገጥምም። ስድስት ቁልፍ ስድስት ደቂቃ፣ የአንገቱ ሁለት፣ ስምንት። ቀሚስና ካልሲ?

እማማ፦ አራት ቢሆን ነው።

አጥኚው፦ አሥራ ሁለት። አሥር ደቂቃ ጎደለ! እዚህ ላይ እንኳ እርጋታ ትጠየቃለች።

እማማ፦ እሱን ተወው።

አጥኚው፦ አልተውም። ሪፖርት ክፍተት አይወድም።

እማማ፦ ተወው አልኩህ ልጄ፤ ላንተም ለኛም ይሻላል።

አጥኚው፦ አሥር ደቂቃ በቀን፣ በአሥራ አንድ ክፍል፣ በሦስት ወር! ይሄ እኮ ትልቅ ብክነት ነው። ምክንያቱን ካልነገሩኝ በሷ ላይ ነው የሚጻፈው።

[እማማ አንድ ካልሲ አነሡ፣ አስቀመጡ፣ መልሰው አነሡ። ጉንጫቸው እንደ መቅላት አለ።]

እማማ፦ ፀጉር ነው።

አጥኚው፦ የምን ፀጉር?

እማማ፦ የራስ ፀጉር። መበጠር፣ ቅባት፣ ሻሽ መምረጥ። አንዱን ታስርና መስተዋት ታያለህ፤ አልሆነም ብለህ ሌላ ታስራለህ።

አጥኚው፦ በየቀኑ አሥር ደቂቃ?

እማማ፦ ድሮስ አልነበረም። ከሦስት ወር ወዲህ ነው።

አጥኚው፦ ከሦስት ወር ወዲህ ምን መጣ?

እማማ፦ በራችን ላይ ወንድ ቆመ።

[አጥኚው ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው ፈለገ።]

አጥኚው፦ እኔ?

እማማ፦ የተቀጣም ቢሆን ወንድ ነው። በር ስንከፍት ፊት ለፊት የምናየው አንተን! የስምንት ቁጥሯ የከንፈር ቀለም አስገዝታለች። ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው።

አጥኚው፦ ስለዚህ... እርጋታን ያዘገየኋት...

እማማ፦ ንፋስ ጋ እንኳ ጥፋት የለብህም። የሷዎቹ ቢያምራቸውም ማበጠሪያ መያዝ ረስተዋል።

[አጥኚው ገጹን አወጣ። «የመዘግየት ምክንያት» ከሚለው ሥር የእርጋታን ስም ሰረዘ። ብዙ አሰበ። ከዚያ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ «አጥኚው» ብሎ ጻፈ። ወደ መጋዘን ማዛወር የሚለውንም መስመር ሰረዘው።]

አጥኚው፦ እርጋታ ትቆያለች እማማ።

እማማ፦ የስድስት ቁጥሯስ?

አጥኚው፦ እሱን እኔ መወሰን አልችልም። ብቻ መጨረሻ ላይ «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ቦታ አለ። ስብሰባው ላይ ያሉት ሁሉ ያነቡታል። ይንገሩኝና ልጻፍልዎ።

እማማ፦ ብዕሩን አምጣ።

አጥኚው፦ እኔ እኮ ቶሎ...

እማማ፦ አምጣ። ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዝም ብዬ ላበድረው አልተማርኩትም።

[ጻፉ። አንድ ፊደል፣ እረፍት፤ አንድ ፊደል፣ እረፍት። አጥኚው አልረዳቸውም። ስብሰባው ሃያ ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ ሲጀመር ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እንዲህ ይላል፦]

«ይህን ለምታነብ። እርጋታን ከኛ አትውሰዷት። የስድስት ቁጥሯንም ለሷ ስጧት፤ መጀመሪያ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፣ አትቆጡ፣ እጅ እንደገና ይማራል። ደግሞ እባክህ፣ የሚቀጥለውን አጥኚ የምትመርጠው አንተ ከሆንክ፣ መልከ ጥፉውን ላክልን። ቁርስ እንዲያልፈን አንፈልግም።»