የሆዳችን ነዋሪዎች ጉዳይ

ቀን፦ እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ አሰላ፣ የእድሩ ዕቃ ቤት በረንዳ (የአዳራሹ ቁልፍ ስላልተገኘ)
ሰዓት፦ ለጠዋቱ 3፡00 ተጠርቶ 3፡50 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. አቶ እንደሻው ገብረ መድህን፣ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህር
2. አቶ ከሊፋ ሽኩር፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ባለ ሱቅ
3. ወ/ሮ አሰገደች፣ የንብረት ኃላፊ
4. አቶ ደመቀ ዘሪሁን፣ የድንኳን ኃላፊ፣ የወ/ሮ አሰገደች ልጅ
5. ፊሊጶስ፣ ጸሐፊ

በጥሪ የተገኙ፦ ሲስተር ሂክማ ሰላሁዲን፣ ነርስ፣ የጥናት ቡድኑ ተወካይ

ከቀሩት ሁለት አባላት አንዱ ሲሬ ሠርግ፣ ሌላው ጮሌ ገበያ መሄዳቸው ተነግሯል። ከሰባት አምስት በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የጥናት ቡድን ያቀረበው የሰገራ ናሙና ጥያቄ

ሲስተር ሂክማ እንዳስረዱት፣ በሰው አንጀት ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ብዙዎቹ ይጠቅማሉ። አንዳንዶቹ ግን ከሥጋና ከእንቁላል የሚያወጡት ነገር ጉበት ውስጥ ተለውጦ ወደ ደም ይገባል፤ ይህም ደምን ከልብ የሚያወጣው ሥር ያለ ዕድሜው ከመጥበቡ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች ያሳያሉ። መንስኤው እሱ ይሁን አይሁን ገና አልተለየም። ይህን ለመለየት አርባ የእድሩ አባላት ሰገራ እንዲሰጡና የአንገታቸው ደም ሥር በአልትራሳውንድ እንዲታይ ተጠይቋል። ገለጻው በአማርኛም በኦሮምኛም ተሰጥቶ በሁለቱም አልተወደደም።

አቶ ከሊፋ፣ ጥፋቱ የባክቴሪያ ከሆነ ቅቤ ነጻ መውጣቱ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርላቸው ጠየቁ። ሲስተር ሂክማ ቅቤ ነጻ እንዳልወጣ ገለጹ። አቶ ከሊፋ "እንግዲያው ተከሳሾቹ ሁለት ናቸው" ብለው ተቀመጡ።

ሰብሳቢው የእድሩ ደንብ አንቀጽ 4 "ቤተሰብ ማለት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖር፣ ከአንድ ማዕድ የሚበላ ነው" እንደሚል አንብበው፣ ባክቴሪያዎቹ በዚህ መሠረት የአባል ቤተሰብ ይሆኑ እንደሆነ ጠየቁ። ወ/ሮ አሰገደች፣ ቤተሰብ ከሆኑ በሞቱ ጊዜ ድንኳኑ እንደማይበቃ አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ባክቴሪያ ቤተሰብ እንዳልሆነ በሦስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ። ጸሐፊው ሲጽፍ ስለነበር ድምፅ አልሰጠም። ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉት አቶ ደመቀ ምክንያታቸውን ሲጠየቁ "እንዲሁ ነው" ብለዋል።

አጀንዳ 2፦ የናሙናው ሳጥን ስለሚቀመጥበት ቦታ

ናሙናው እስኪወሰድ በቅዝቃዜ መቆየት እንዳለበት ሲነገር ሁሉም ወደ አቶ ከሊፋ ዞሩ። አቶ ከሊፋ፣ የሱቃቸው ማቀዝቀዣ የለስላሳ መሆኑን፣ ሰፈሩ ይህን ከሰማ እስከ ፋሲካም እስከ ኢድም የሚጠጣላቸው እንደማይኖር ገለጹ። ሰብሳቢው በቤታቸው ፍሪጅ እንዲቀመጥ ፈቀዱ። ለባለቤታቸው በስልክ ለማሳወቅ ወጥተው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተመለሱና ፈቃዳቸውን ማንሳታቸውን አስታወቁ። ሳጥኑ የትም እንዳይቀመጥ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ጥያቄውን ስለመቀበል

ወ/ሮ አሰገደች ተቃወሙ። ባለቤታቸው አቶ ዘሪሁን በአርባ አራት ዓመታቸው ከሥራ ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ እንዳረፉ አስታውሰው፣ "ምን እንደገደለው የነገረኝ የለም። ሳላውቅ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አሁንም ማንም መጥቶ ሆዴን አይቆፍርብኝ" አሉ። ጥያቄው ውድቅ እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

አቶ ደመቀ እጃቸውን አወጡ። ባለፈው ወር ለለቅሶ የድንኳን ብረት ሲሸከሙ ደረታቸውን ጨምድዶ እንደያዛቸው፣ ለእናታቸው ግን "ወገቤን ነው" እንዳሉ ተናገሩ። በማግስቱ ብቻቸውን ሄደው ተመርምረዋል፤ ናሙናውንም ሰጥተዋል። ዕድሜያቸው ሠላሳ ስድስት ነው። ደም ሥራቸው መጥበብ ጀምሯል። መድኃኒት እንደጀመሩና ሲጋራ እንዳቆሙ ገልጸዋል።

ወ/ሮ አሰገደች፣ ሲጋራ መጀመሩንም እንደማያውቁ ይመዝገብልኝ አሉ። ተመዝግቧል።

ወ/ሮ አሰገደች ልጃቸውን ለምን እንደደበቃቸው ጠየቁ። አቶ ደመቀ፣ "እማዬ፣ ማታ ማታ ጫማዬን እያየሽ እንዳትቀመጪ ብዬ ነው" ሲሉ መለሱ።

"ሂክማ ልጄ፣ አባቱም ይኸው ነበር?"

"የእሳቸውን ያየው ስለሌለ ላውቅ አልችልም፣ እማማ። የደመቀ ግን በጊዜ ተደርሶበታል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከወሰደ፣ ምግቡን ካስተካከለ፣ በየቀኑ በእግሩ ከሄደ ብዙ ይረዳዋል።"

"ይህን ሆድ የምታጠኑት ሌላው ሰው ቀድሞ እንዲያውቅ ነው?"

"አንድ ቀን እንዲያውቅ ነው። ገና ነው።"

ወ/ሮ አሰገደች የናሙና ዕቃ ይሰጠኝ አሉ። ሰብሳቢው እሳቸውም እንደሚፈልጉ፣ ይህን ግን ለባለቤታቸው ራሳቸው በጊዜው እንደሚነግሩ ገለጹ። አቶ ከሊፋ የማቀዝቀዣቸው የታችኛው መደርደሪያ ባዶ መሆኑ አሁን ትዝ እንዳላቸው ተናግረው፣ ሳጥኑ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከሱቁ በጓሮ በኩል እንዲገባ ብቻ አሳሰቡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። የአጀንዳ 1 መሻር ባክቴሪያዎችን መልሶ ቤተሰብ ሊያደርጋቸው እንደሚችል ጸሐፊው ቢያመለክትም፣ ሰብሳቢው "ይሁኑ፤ ካሉ አሉ" ብለዋል።

ስብሰባው ከረፋዱ 5፡40 ላይ ተበትኗል። ወ/ሮ አሰገደች ቃለ ጉባኤውን የፈረሙት ቆመው ነው። አቶ ደመቀ ባጃጅ ሊጠሩ ሲሉ እናታቸው "በእግራችን ነው የምንሄደው" ብለው ክንዳቸውን ይዘው ዳገቱን ቀስ እያሉ ወጥተዋል።