ሰበታ የቀረው ሜትር

ሰው ሱሉልታ የሚወጣው ጥሬ ሥጋ ሊበላ ነው። ቡራዩ የሚሄደው ሠርግ ወይ ለቅሶ ሲኖርበት ነው። ሰበታ ደግሞ ሥራው እዚያ ከሆነ፣ ወይም መሬት ሊያይ። የእኔ ባል ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሦስቱም ጋ የሚሄደው አሮጌ ቤት ሊያይ ነበር። ሊገዛ አይደለም። ሊከራይም አይደለም። ሊያይ! አሁን ይኼ ለሰው ይነገራል?

ታደለ የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ እሁድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ቁርስ እንደበላን፣ «ተነሺ እንጂ» ይለኛል። የት ብዬ አልጠይቀውም። የአንድ ራስ፣ የአንድ ደጃዝማች፣ እሱም ከታጣ የአንድ ፊታውራሪ የድሮ ግቢ በር ላይ ቆመን በዘበኛ ልንገላመጥ ነው።

የድሮ መኳንንት ግን ያውቁበት ነበር እኮ። ከተማው ሲሰለቻቸው ወጣ ብለው፣ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ምንጭ ያለበት ኮረብታ ይመርጡና ፎቅ ይሠራሉ። ሰገነቱ እንጨት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዙሪያው ጽድና ኮሽም። ከዚያ እነሱ ሄዱ፣ ቤቱ ቀረ። መጀመሪያ ደርግ ወረሰው፣ ቀጥሎ ቀበሌ ገባበት፣ ቀጥሎ የማዳበሪያ መጋዘን ሆነ፣ በመጨረሻ ለእርግብና ለታደለ ተተወ።

አንድ ጊዜ ሱሉልታ ሄድን። ዘበኛው በሩን በግማሽ ከፍቶ ምን ፈለጋችሁ አለን። ታደለ ቤቱን ልናይ ነው አለው። ሰውየው ጌታዬ የሉም አለ። እኔም ለወሬ ያህል፣ መቼ ይመለሳሉ አልኩት። «ካረፉ ቆይተዋል» አለኝና በሩን ዘጋው። ታደለ ታክሲ እስክንይዝ ድረስ ሲስቅ ነበር። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት በሙት ሰው ልመለስ ነው?

ቡራዩ ያየነው ደግሞ ለተከራይ ተሸንሽኖ ነው የጠበቀን። ግብር ይበላበት የነበረው አዳራሽ በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ፣ ከወላይታ የመጡ የፋብሪካ ልጆች ይኖሩበታል። ከጸሎት ተመልሰው እየዘመሩ ልብስ ያጥባሉ። አንዷ ግቡ አለችን። ታደለ አንጋጦ ጣሪያውን እያሳየ፣ ይህንን ቅርጽ እዩት፣ ይህንን አገጣጠም እዩት ይላል። ልጅቷ አብራው አንጋጠጠችና፣ «አባባ፣ ዝናብ ሲዘንብ ይምጡ፤ ያኔ የበለጠ ያዩታል» አለችው። ሻይ ሳንጠጣ ግን አልለቀቀችንም።

ከሁሉም ግን የሰበታው። የሰበታው ሲነሳ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል።

እኛ የምንኖረው አየር ጤና ነው። በታክሲ ዓለም ገናን አልፈን ሰበታ እንወርድና ወደ ኮረብታው በእግር እንወጣለን። የአንድ ፊታውራሪ ቤት ነው። ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ሽማግሌ ይጠብቁታል። አባታቸው የግቢው አትክልተኛ ነበሩ። እሳቸው ከአጥሩ ወዲያ ባለችው ማሳቸው ጤፍና ሽምብራ እያረሱ የግቢውን ቁልፍ ይይዛሉ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ቁልፉን የሚጠይቃቸው ስላልተገኘ እጃቸው ላይ ቀረ።

ከሩቅ ሲያዩን «አካም ጅርቱ? ነገያ ጅርቱ?» ይሉናል። እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ናችሁ ወይ ማለታቸው ነው። ታደለም ኮፍያውን አንስቶ፣ ነገያ ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ከዚያ ግቢው የእኛ ነው። ማንም የማይገርዘው ጽጌረዳ በረንዳው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ነክቶታል። የምንጩ ውኃ ከድንጋይ በተጠረበ ገንዳ ይወርዳል። እኔ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ውኃው ውስጥ እከታለሁ። ታደለ ከኮክ ዛፉ ሥር ጋቢውን አንጥፎ ስለ ቤቱ ያወራል።

እውነቱን ልንገራችሁ? እኔን ቤቱ አይደለም የሚጎትተኝ። ታደለ እቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር። ወጡ ጨው በዝቶበታል ለማለት እንኳ ሁለቴ የሚያስብ ሰው ነው። አሮጌ ቤት ሲያይ ግን አፉ ይፈታል። ስለ ደረጃው፣ ስለ ምሰሶው ጀምሮ፣ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ አባቱ፣ መጀመሪያ ስላየኝ ቀን ያወራል። እኔ የምሄደው ያንን ልሰማ ነበር።

በረንዳው ላይ አንድ መስኮት ነበረች። ባለ ሁለት ክንፍ፣ የእንጨት፣ ላይዋ ላይ አበባ የተቀረጸባት። ታደለ እሷ ጋ ሲደርስ ይቆማል። «ይህችን የመሰለች ለመኝታ ቤታችን እሠራልሻለሁ» ይለኛል። ለዓመታት አለኝ። አንድ እሁድ ግን ቆርጦ ተነሣና ሜትሩን ኪሱ ከተተ።

ለዚህ የመረጠውን ጊዜ ደግሞ ስሙልኝ። ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር በየሰው አፍ የገባበት ወቅት ነው። አዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ ልትሰፋ ነው ተባለ። ለእኛ ለአየር ጤናዎቹ ወሬ ነው። ለኦቦ ቱሉ ግን ማሳቸው ነው። ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፣ ሰው ሞተ፣ መንገዱ አንዴ ይዘጋል አንዴ ይከፈታል። ፉሪ በኩል ከመሬቱ የተነሣ ገበሬ፣ ድሮ ባረሰው መሬት ላይ ለተሠራ ቤት ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር አገር አይቷል። እንግዲህ በዚህ መሃል ነው የእኔ ባል ሜትር ይዞ የተገኘው።

አልተናገርኩም እንዳትሉኝ። ታደለ፣ ዛሬ እንኳ ይቅርብን አልኩት። መንገዱ ክፍት ነው አለኝ። መንገዱስ ክፍት ነው፣ ሰው ግን ሆድ ብሶታል አልኩት። መስኮት ስለለካሁ ማን ሆድ ይብሰዋል አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

የዚያን ቀን የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ኦቦ ቱሉ ማሳቸው ጋ ወርደዋል። ታደለ እስኪመጡ አልጠበቀም። አንዱን ጫፍ እኔን አስያዘኝና ቁመቱን ለካ። ያ ቢጫ ሜትር በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ምንጩ ጋ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች አዩን። ጀሪካናቸውን ሳይሞሉ ትተውት ሄዱ። ሴት ውኃዋን ትታ ከሄደች ነገር አለ። ታደለን፣ ሜትሩን ጠቅለል አድርገው ስለው፣ ወርዱ ይቀራል አለኝ።

ወርዱ ሳይለካ ወንዶቹ መጡ። ዱላቸውን ይዘው፣ ሳይሮጡ፣ ቀስ ብለው ነው የመጡት። ቢሮጡ ይሻለኝ ነበር። ከፊት ያለው ጎልማሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ፤ እንዳልገባን ሲያይ ወደ አማርኛ ዞረ።

«እዚህ ምንድን ነው የምትለኩት?»

«መስኮት» አለ ታደለ።

«የማን መስኮት?»

«የፊታውራሪው።»

«ፊታውራሪው ናቸው የላኩህ?»

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን የሜትሩን ጫፍ እንደያዝኩ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነበር። ሰውየው ይጠይቃል፣ ታደለ ይመልሳል። እዚህ ዘመድ አላችሁ? የለንም። ቤቱን ልትገዙ ነው? አይደለም። ከመሥሪያ ቤት ተልካችሁ ነው? አይደለም። ታዲያ ምን ልታደርጉ መጣችሁ? እዚህ ላይ አንድ ደህና ውሸት ቢኖር ጥሩ ነበር። ለምንጩ ውኃ ነው፣ ለጸበል ነው ቢል በቃ ነበር። ታደለ ግን እውነቱን ተናገረ።

«ስለሚያምር ነው» አለ።

ሰውየው ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ?» አለ። «ሁሉም መሬታችሁ ያምራል ብለው ነው የሚጀምሩት።»

ምን ይባላል? እውነቱን ነው። እኔ ራሴ በእሱ ቦታ ብሆን ታደለን አላምነውም ነበር።

ኦቦ ቱሉ እያለከለኩ ደረሱ። በኦሮምኛ ብዙ ተናገሩ። ከዚያ ሁሉ የገባኝ «ነን ቤካ» የምትለዋ ብቻ ናት፤ አውቃቸዋለሁ ማለት ነው። ደጋግመው አሏት። ሽማግሌዎች ተጠርተው ጽዱ ሥር ተቀመጡ። እኛም ዳር ላይ ተቀመጥን። እኔ በልቤ ማርያምን እየጠራሁ ነው፤ ታደለ መስኮቱን ያያል።

በመጨረሻ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ተናገሩ። «እናንተን ቱሉ ያውቃችኋል፤ ቱሉ ካወቀ እኛም አወቅን» አሉ። «ሜትሩን ግን አናውቀውም። ሜትሩ እዚህ ይቀመጥ። አደራ ነው፣ ማንም አይነካውም። ሰላም ሲሆን መጥታችሁ ትወስዳላችሁ።»

ይህን ፍርድ ሰምቶ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ መውጣት ነው እንጂ! ታደለ እጁን አወጣ። «አባቶቼ፣ ወርዱ ቀርቶኛል። እሱን ብቻ ልለካና ልስጣችሁ?»

ክንዱን ቆነጠጥኩት። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «ወርዱም ሰላም ሲሆን» አሉ።

ኦቦ ቱሉ ሜትሩን ተረክበው እስከ አስፋልቱ ሸኙን። «ማሎ፣ እባካችሁ እንዳትቀየሙኝ» ይላሉ መንገዱን ሁሉ። ከጽዱ ቅርንጫፍ ሰብረው ለሁለታችን ሰጡን፤ መንገድ የሚዘጉት ልጆች ቅጠል የያዘ ሰው ሲያዩ ያሳልፋሉ ብለው። እውነትም ዓለም ገና ላይ ድንጋይ ደርድረው የቆሙት ቅጠላችንን አይተው አሳለፉን።

ታደለ መስኮቷን ሠራት። ቁመቷ በልክ፣ ወርዷ በግምት። ዕድሜውን ሙሉ ተማሪዎቹን በግምት አትሥሩ ሲል የኖረ ሰው! ስትሰቀል ሁለቱ ክንፎች መሃል ላይ አልገናኝ አሉ። ጣት የምታሾልክ ክፍተት ቀረች። በስፖንጅ እንድፈናት አልኩት። አይ፣ ሰላም ሲሆን ወርዱን ለክቼ አስተካክለዋለሁ አለ።

ከዚያ በኋላ ዜና እንደ እሱ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። ማስተር ፕላኑ ቀረ የተባለ ቀን ከመቀመጫው ተነሥቶ ጫማውን ሲያጠልቅ ደረስኩበት። የት ነው ብዬ ስጠይቀው ሰበታ ነዋ አለኝ። ግን ፕላኑ ቀረ እንጂ ግርግሩ አልቀረም። መንገዱ ባሰበት። የሚቀጥለው እሁድ፣ የሚቀጥለው እሁድ ስንል ታደለ ታመመ። አልጋ ላይ ሆኖም ያቺን ክፍተት እያየ፣ ትንሽ ሲሻለኝ እንሄዳለን ይለኝ ነበር። አልተሻለውም።

ናፈቀኝ። ሌላ ምን እላለሁ? እሁድ ቁርስ በልቼ እቀመጥና ተነሺ እንጂ የሚለኝን እጠብቃለሁ። ለሰው ቢነግሩት ሞኝነት ነው። ያኔ እየተነጫነጭኩ የወጣሁት ዳገት አሁን በሕልሜ ይመጣል።

ሀዘኑ ትንሽ ገርገብ ሲል ብቻዬን ሄድኩ። የታክሲው ረዳት፣ «ማዘር፣ ሰበታ ምን አለሽ?» አለኝ። ስለሚያምር ነው ልበለው?

ኦቦ ቱሉ በር ላይ ነበሩ፣ ምርኩዝ ይዘዋል። ከሩቅ ሲያዩኝ ሰላምታቸውን ጀመሩና ጥቁር ልብሴን ሲያዩ አቋረጡት። የገንዳው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ውኃው ውስጥ ከተትኩ።

በኋላ ተነሥተው ቤታቸው ገቡና አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ውስጡ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ሜትሩ ነው። ዝገት እንዳይነካው ቅባት ቀብተውታል። ከአልጋቸው በላይ ጣሪያው ላይ ሰቅለውት ነው የኖሩት። ባለፈው ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ተጣልተው፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማሳውን በገመድ ሲለኩ መዋላቸውን ነገሩኝ። ገመዱ እየተሳበ አንዴ ለእሳቸው ይበዛል፣ አንዴ ለጎረቤታቸው። ታዲያ ሜትሩ ነበረ አይደል ወይ አልኳቸው። ደነገጡብኝ።

«አደራ እኮ ነው!» አሉ።

ሳቅኩ። ከባሌ ሞት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው፤ ከዚያ አለቀስኩ።

«በይ ውሰጂው ልጄ» አሉኝ። «አሁን ሰላም ነው። ነይ፣ ወርዱንም አብረን እንለካ፤ የእሱ ሥራ ይሙላ።»

በረንዳው ላይ ወጣን። ሜትሩን ያዝኩት። ጽጌረዳው መስኮቷን ሊሸፍናት ምንም አልቀረውም። ለካሁ እንበል። አናጢ እጠራለሁ፣ ክፍተቷ ትዘጋለች። ሜትሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ አየር ጤና እመለሳለሁ። ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ እኔ ሰበታ ምን አለኝ?

«ኦቦ ቱሉ» አልኩ፣ «እርግጠኛ ነዎት፣ ሰላም ነው?»

ወደ ታች አዩ። ከማሳቸው ወዲያ፣ ባለፈው ያልነበረ የብሎኬት ክምር ይታያል። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ቆየት ብለው አዩኝ።

«ሙሉ ለሙሉ እንኳን አይደለም» አሉ።

«እንግዲያው ይቆይ።»

ሜትሩን ተቀብለው በጨርቁ ጠቀለሉት። «እሺ፣ ይቆይ» አሉ። «ግን አደራ ያስቀመጠ ሰው እየመጣ ያያል። እኔም አርጅቻለሁ፤ ቶሎ ቶሎ ነው ማየት ያለብሽ።»

አሁን ረዳቱ ሰበታ ምን አለሽ ሲለኝ ኮራ ብዬ «ዕቃ አለኝ» እለዋለሁ። እንዴት ያለ ደህና መልስ ነው! ማንም ደግሞ አይጠይቀኝም። መኝታ ቤቴ ነፋስ ይገባል፣ ልጆቼ መስኮቱን እናሠራልሽ እያሉ ይጨቀጭቁኛል፤ ልኩ ሰበታ ነው እላቸዋለሁ። ሰላም እንዲወርድ ደግሞ እንደ ሰው ሁሉ እጸልያለሁ፣ ከልቤ ነው የምጸልየው። ብቻ ዳገቱን ጨርሼ ኦቦ ቱሉን በር ላይ ቆመው ሳይ ልቤ ድንግጥ ይላል፤ ዛሬ ሰላም ሆኗል ይሉኝ ይሆን ብዬ።