ገጽ ቁጥር የሌለው ሰው

በኦራዴያ ከተማ፣ ከክሪሽ ወንዝ ዳር ባለው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ በሁለተኛው መግቢያ ለምትወጡና ለምትወርዱ ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ የባቡር ጡረተኛ፣ የአንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ ባለቤት የሆኑት ክቡር ሊዮንቲን ፓንቲሽ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ያለ ማስረጃ “ደህና አደሩ?” እንዳይላቸው አዘዋል። ደህና ማደራቸውን ማን ጻፈ? የት ታተመ? ገጽ ስንት?

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ፤ አንድ ደረጃ የምንጋራ ጎረቤቶች ነን። እንዲህ ያለ ሰው በየሕንፃው አንድ አንድ ታድሏል። ሁለት ሁለት ቢታደል ኖሮ ሕዝቡ ተጠራርጎ ይሰደድ ነበር። ወሬህን ገና ከጉሮሮህ ሳይወጣ “ማን አለ?” ብሎ የሚያንቅብህ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት የአንደኛ ፎቁን ጎረቤታችንን ስንቀብር ቄሱ “ሟች በሕይወት ዘመኑ ማንንም አላስቀየመም” ሲሉ ከኋላ በኩል አንድ ሳል ተሰማ። ማን እንደሳለ ለማየት የዞረ ሰው አልነበረም።

ሊዮንቲን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የባቡር ጊዜ ሰሌዳ ሲያርም ኖሯል። “የዘገየ ባቡር ቢያንስ ይመጣል። በስህተት የታተመ ባቡር ግን ሰውዬውን ጣቢያ ላይ ያስረጀዋል” ይላል። ጡረታ ሲወጣ እርማቱ ናፈቀው መሰለኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ማንም ሰው በሚጽፍበት ነፃ መዝገበ ዕውቀት ውስጥ ገባ። ሌላው ሰው እዚያ ገብቶ ስለ ቢራቢሮ ይጽፋል፣ ስለ ድልድይ ይጽፋል። እሱ የመረጠው ሰባኪዎችን ነው፤ ያውም ስማቸው ሲነሣ ግማሹ ሰው አሜን የሚልላቸውን፣ ግማሹ ምራቁን የሚተፋባቸውን። በሆቴል መዋኛ ገንዳ የሚያጠምቀውን፣ ሙሽሮችን በስልክ የሚያጋባውን፣ ዝይ ከሞት አስነሣሁ የሚለውን። እስካሁን የአሥራ አንዱን የሕይወት ታሪክ ጽፏል።

እኔ በበኩሌ በራሪ ጽሑፍ እያተምኩ በየመብራት ምሰሶው ስለጥፍ ያረጀሁ ነኝ። ሰባኪ ካየሁ “አጭበርባሪው” የሚለው ቃል ብዕሬ ጫፍ ላይ ቀድሞኝ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሊዮንቲን “አጭበርባሪውን” ይሰርዛል። ምእመናኑ የሚጨምሩትን “ታላቁን የእግዚአብሔር ሰው”ም ይሰርዛል። ሁለቱ ሲወጡ የሚቀረው የትውልድ ዘመንና የትውልድ መንደር ነው።

“ዝይዋስ?” አልኩት አንድ ቀን፣ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ።

“ዝይዋ መሞቷን ያረጋገጠ የእንስሳት ሐኪም አለ?”

“የለም።”

“እንግዲያው ተከታዮቹ ተነሥታለች ይላሉ፤ ባለቤቷ ተኝታ ነበር ብላለች። የአካባቢው ጋዜጣ፣ ገጽ ሰባት። በቃ።”

“አንተስ ምን ትላለህ፣ ጎረቤት?”

“እኔ ማን ነኝ?” አለኝ፤ የምሩን ነው።

ከምእመናን “የሰይጣን ጸሐፊ” የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ከተቃዋሚዎች “የፓስተሮች ቡችላ” የሚል። ሁለቱንም ለየብቻ ያስቀምጣል። ክምሩ እኩል የሆነ ዕለት ለራሱ አንድ መለኪያ የፕለም አረቄ ይቀዳና በረንዳው ላይ ቆሞ እንደ ድል አድራጊ ይጎነጫል። ከኔ የሚደርሰው ስድብ በየትኛው ክምር እንደሚገባ ነግሮኝ አያውቅም።

ነገር የመጣው በነህምያ ቱርኩሽ በኩል ነው። ይህ ሰባኪ በእኛ ከተማ “ነቢየ ረቡዕ” ይባላል፤ ስሙን በየግድግዳው የለጠፍኩለት እኔ ነኝ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በመከር ወራት ወንዙ ሞልቶ ይወጣል ብሎ ሰበከ። የወንዝ ዳር ሰው የጎመን በርሜሉንና ምንጣፉን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ወንዙ ግን ከአልጋው አልተነሣም። ከተማው በሙሉ ነህምያ “ረቡዕ ይመጣል” እንዳለ ያውቃል። ምእመናኑ ደግሞ ምንም ቀን አልጠራም ብለው ይምላሉ። ከዓመታት በኋላ አንድ የዋና ከተማ ጋዜጣ “ረቡዕ ብሎ ነበር ይባላል” ብሎ ጻፈ። የታተመ ነገር ነውና ሊዮንቲን በሰባኪው የሕይወት ታሪክ ውስጥ አስገባው።

የሊዮንቲን ሚስት ሳቬታ የነህምያ ጉባኤ ዘማሪ ናት። ይህንንም ቢሆን አልደበቀም፤ ከጽሑፉ ጀርባ ባለው የመወያያ ገጽ ላይ “ሚስቴ በዚህ ጉባኤ ትዘምራለች፤ ካዳላሁ እረሙኝ” ብሎ ለዓለም አውጇል። ሳቬታ ያቺን የረቡዕ ዓረፍተ ነገር ያነበበች ቀን ጩኸቱ እኔ ያለሁበት ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወረደ።

“አንተ ሰውዬ! ያን ዕለት ሦስተኛው ረድፍ ላይ አልነበርክም?”

“ነበርኩ፣ ሳቬታ።”

“ረቡዕ የሚል ቃል ከአፉ ወጣ?”

“አልወጣም።”

“በጆሮህ ሰምተሃላ!”

“በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

“ታዲያ ጻፈዋ!”

“እንዴት ብዬ? እኔ እኮ ገጽ ቁጥር የለኝም።”

ቀጥሎ የድስት ድምፅ ተሰማ። “አርባ ሦስት ዓመት ከሰው ጋር የኖርኩ መስሎኝ!” አለች። ሳርማሌ የምትሠራበትን፣ የጎመን ጥቅልሉ ከጠዋት እስከ ማታ የሚንተከተክበትን ትልቁን ድስት በብርድ ልብስ ጠቅልላ ቤዩሽ ከተማ ወዳለችው እህቷ ሄደች። “ያ ነገር እስኪስተካከል እንዳትፈልገኝ!” ብላ በሩን ዘጋች። ልብሷን ብቻ ይዛ ብትሄድ ማንም ባልደነገጠ ነበር። ድስቱ ሲወጣ ግን የደረጃው ሰው ሁሉ ነገሩ የምር መሆኑ ገባው።

ሦስት ሳምንት ሊዮንቲን ሰርዲን ከቆርቆሮው በላ። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፋበት።

“ጎረቤት፣ አንድ መስመር ጻፍና ሚስትህን መልስ። ማን ያውቅብሃል?” አልኩት ደረጃው ላይ።

“እኔ” አለኝ።

በየማለዳው አሮጌ ጋዜጣ ፍለጋ ይወጣል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበረው የዚያ መከር ጥራዝ ቧንቧ ፈንድቶበት እንደ ራሰ ዳቦ ሆኖ ተጥሏል አሉት። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት አንድ ማሰሮ የኮመጠጠ ዱባ ይዞ በሬን አንኳኳ።

“ያን ጊዜ የከተማው ጋዜጣ ላይ ትጽፍ ነበር። ከዚያ ስብከት በኋላ የወጣውን የሰኞ እትም አስቀምጠሃል?”

ያ ጋዜጣ ተዘግቷል፤ እትሙ ግን አልጋዬ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ነበር። ምን እንደሚልም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኛ። “ሰባኪው ካልተመለስን ወንዙ ይነሣብናል አለ። መቼ ተብሎ ሲጠየቅ ‘እኔ የአየር ትንበያ አይደለሁም’ ሲል መለሰ።” ረቡዕ የሚባል ነገር የለም። ረቡዕን የፈጠርኳት ከሁለት ዓመት በኋላ በበራሪ ጽሑፌ ላይ ነው። ቀን የሌለው ጎርፍ አላሥቅ ብሎኝ ነው እንጂ ሌላ ክፋት አልነበረኝም። እሺ፣ ትንሽ ክፋት ነበረኝ።

“የለኝም” አልኩት።

“ምንጩ?” እንዲለኝ ጠበቅሁ። ቄስ በቀብር ላይ ያላመነ ሰው፣ ሚስቱን ያላመነ፣ የገዛ ጆሮውን ያላመነ ሰው ነው። ማሰሮውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና “እሺ፣ ካልክ የለህም” ብሎ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወደ ላይ ወጣ።

አመነኝ! በዚህ ምድር ላይ ያለ ገጽ ቁጥር ያመነው አንድ ሰው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ብዙ ስድብ ተሰድቤያለሁ፣ ሁለት ጊዜ በጥፊ ተመትቻለሁ፤ እንደዚያ የመታኝ ግን የለም። ዱባውን መብላት አቃተኝ።

በማግስቱ ጋዜጣውን፣ ውስጡም ያን የረቡዕ በራሪ ጽሑፌን አጥፌ፣ ይዤ ወጣሁ። ቆሞ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አነበበው። ስለ ውሸቴ አንድ ቃል ይወጣዋል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅሁ።

“ገጽ አራት ነው?” አለኝ።

“ገጽ አራት።”

“ቡና ላፍላልህ” አለኝ።

አሁን ጽሑፉን ብታነቡ በዚያ ሰሞን የወጣው ጋዜጣ ምንም ቀን እንዳልተጠራ መዘገቡን ታገኛላችሁ። “ረቡዕ” የሚለው ቃል መጀመሪያ የታየው በእከሌ በራሪ ጽሑፍ ላይ መሆኑንም ታገኛላችሁ። እከሌ እኔ ነኝ፤ ከነአባቴ ስም። ከዚያው ከገጽ አራት ደግሞ ሌላ አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ ሰባኪው በዚያው ሰሞን የራሱን ፒያኖ ወደ ሦስተኛ ፎቅ አስወጥቷል።

ሳቬታ ቅዳሜ ተመለሰች። ስለ ቀኑ የተጻፈውን እህቷ ቤት አንብባ ነበር፤ የፒያኖውን መስመር ግን በር ላይ ቆማ በስልኳ አነበበች። ድስቱን እንዳቀፈች ወደ ባሏ ዞረች።

“ፒያኖው የግድ ነው?”

“እዚያው ገጽ ላይ ነው፣ ሳቬታ።”

“እግዚአብሔር ያሳይህ!” አለችና ገባች። ማታ ሕንፃው በሙሉ ጎመን ጎመን ሸተተ። ለኔም አንድ ሳህን ወረደልኝ። ከሳህኑ ሥር “ከነህምያ ሰዎች ሁለት ስድብ፣ ከጠላቶቹ ሁለት። እኩል” የሚል ወረቀት ነበር።

ስለዚህ ሰው አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ እፈልጋለሁ፦ ሊዮንቲን ፓንቲሽ ደግ ሰው ነው። ግን ይሰርዘዋል። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፣ ሳርማሌውን በልቻለሁ፣ በዚያ ላይ በረቡዕ ጉዳይ የተመዘገብኩ ውሸታም ነኝ፤ ምስክርነቴ አይቆጠርም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ምድር ቤትህ ውረድ። ከማሰሮዎቹ ሥር የተነጠፈውን፣ መሳቢያው ውስጥ የለበጥከውን አሮጌ ጋዜጣ ሁሉ ገልብጠህ እይልኝ። ስለዚህ ሰው አንድ መልካም ቃል የጻፈ፣ ዘመዱ ያልሆነ፣ ማዕዱን ያልቀመሰ ሰው ካገኘህ እባክህ እንዳትቀደው፤ ቀኑና የገጹ ቁጥር መነበባቸውን አረጋግጥና ሁለተኛ ፎቅ አምጣልኝ፤ ያን ጊዜ አይሰርዘውም።