የገለልተኛው በቅሎ

ከሁለት ጠበኞች መካከል ቆሞ ለሁለቱም ፈገግ የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በጣሊያን ጊዜ መቱ ላይ ገጥሞኛል፤ ጎረቤታችን ጋሽ ከድር፣ ቡና ነጋዴው። ጣሊያን በቅሏቸውን ለጭነት ሲፈልጋት "አንካሳ ናት" አሉት። ከዳሪሙ ጫካ የመጡ አርበኞች ሲጠይቋቸውም "ማሎ፣ እባካችሁ ልጆቼ፣ አንካሳ ናት!" ከኮቴዋ ሥር ጠጠር ወትፈው፣ እያነከሰች ገበያ ለገበያ ስትከተላቸው ማን አያምንም? የበቅሎዋን ሐሳብ ግን የጠየቀ አልነበረም።

እኔ መቼም ዝም አልልም። "ጋሼ፣ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?" አልኳቸው።

"የበቅሎዬ! አንቺ ምላስሽን ሰብስቢ!"

አንድ የገበያ ቀን የጣሊያን ካፒቴን ስታነክስ አያትና አዘነላት። ታዲያ የካፒቴን ርኅራኄ ምን ይመስላችኋል? "ከምትሰቃይ ትገደል" ብሎ ወታደሩን አዘዘ። ወታደሩ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው ጠጠሩን መነጨቁና ዘለው ወጡባት። በቅሎዋ ገበያተኛውን ሰንጥቃ በዳሪሙ መንገድ ተፈተለከች፤ እስከ ነጻነት አልተመለሱም።

በማግሥቱ ባለቤታቸውን "እትዬ፣ ጋሼ አርበኛ ሆኑ አይደል?" አልኳቸው።

"ኧረ የት አባታቸው!" አሉኝ፤ "የሸፈተችው በቅሎዋ ናት፤ እሳቸው ላይዋ ላይ ተገኝተው ነው።"