ጋሼ ቀጀላ ወይራ ሲመርጡ

ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ይመስለኛል። ሰባ አንድም ሊሆን ይችላል። ዘይት የጠፋበት ዓመት ነበር ብዬ ልለየው ስል፣ ዘይት ያልጠፋበት ዓመት ትዝ አይለኝም። ብቻ ክረምት ነበር፣ የየካ ተራራ እስከ ወገቡ ጭጋግ ለብሶ ነበር፣ እኔም በአጎቴ ምክንያት አፍሬ ነበር። በዚህ በመጨረሻው አልጠራጠርም።

በያንዳንዱ ቤተ ዘመድ ውስጥ አንድ መራጭ አለ። መራጭ ማለት ሾላ ገበያ ወርዶ ለአንድ ወጥ የሚሆን ቲማቲም ለመግዛት ክምሩን ከሥር እስከ ላይ የሚገለብጥ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ሻጯን «ሌላ የለም?» የሚል ሰው ነው። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ብለው ቢተርቱበት አይደነግጥም። ምራጩንም ቢሆን አገላብጦ ሳያይ አይወድቅበትም።

ለእኛ ቤተሰብ የደረሱን ክቡር ጋሼ ቀጀላ ነበሩ፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የካራ ተወላጅ፣ የጫማ ነጋዴዎች መቅሠፍት። ጫማ ሊገዙ ሲገቡ እኔ በር ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ፣ የማላውቃቸው መንገደኛ እንዲመስሉ። ውይይት ታክሲ እንኳ ይመርጣሉ። «ይኼ ሞልቷል። የዚያኛው ሾፌር ፊቱ አላማረኝም። ሌላ ይመጣል።» ባለቤታቸው እትዬ ኢፍቱ እንግዳ በተገኘ ቁጥር፣ «እሱ እኔን የመረጠኝ፣ አባቴ ‹ሌላ የለም› ብለው በሩን ስለዘጉበት ነው» ይላሉ። ጋሼ አይቆጡም። «እውነቷን ነው» ይላሉ፣ «ባይዘጉት እስካሁን ቆሜ ነበር።»

ይህስ የቤት ገመና ነው። የቀበሌ ምርጫ ቀን ግን ጓድ ተክሌ ለሊቀመንበርነት ተጠቁሞ፣ ሌላ ዕጩ ሳይኖር፣ ሁላችንም እጃችንን ልናወጣ ስንል፣ ከአዳራሹ ጀርባ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ፦ «ሌላ የለም?»

ወንበሬ ሥር መግባት ቢቻል እገባ ነበር። ደግነቱ ጓድ ተክሌ ቀልድ መሰለውና ሳቀ። አዳራሹም መሳቅ መፈቀዱን አይቶ ሳቀ። እኔ ያልሳቅኩት ጋሼ እንዳልቀለዱ ስለማውቅ ነው።

የዘይቱ ሰልፍ ከቀበሌው ሱቅ አልፎ መንገዱን ሲይዝ፣ ከበላያችን ባለው ዳገት ላይ የፈረንጅ ወይራ ተክለን ዘይት እንድንጨምቅ ተወሰነ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስለመጣሁ የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ሆንኩ። የወይራ ባለሙያ ይፈለግ ሲባል፣ አጎቴ ከአብዮቱ በፊት የአንድ ግሪክ ግሮሰሪ የወይራ በርሜል ጠባቂ እንደነበሩ ከአፌ አመለጠኝ። ጓድ ተክሌ ጠረጴዛውን መታ። «በቃ! እሳቸው ይምረጡ!» በዓለም ላይ ጋሼ ቀጀላን «ይምረጡ» ብሎ የሚያዝ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሦስት ዓይነት ችግኞች በቆርቆሮ ሆነው መጡ፤ ጠባያቸውን ከመጽሐፍ አንብቤ ለኮሚቴው ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ፍራንቶዮ የሚባለው ዘይቱ ግሩም ነው፣ ብርድ ግን አይችልም። ሌቺኖ ብርዱን ይችላል፣ ሌላ ዓይነት አጠገቡ ካልቆመ አያፈራም። ኮሮኔይኪ ፍሬው ትንሽ፣ ዘይቱ ብዙ፣ እሱም ሙቀት ወዳድ። በተከላው የዛፎቹ ርቀት እንደ ዓይነታቸው ስለሚለያይ፣ ቁፋሮው የጋሼን ቃል ይጠብቅ ነበር። ዳገቱ ላይ ከጥንት የቆሙት የሀገር ወይራዎችም ለቦታው ሲባል ሊመነጠሩ ነው። መጥረቢያዎቹ ተስለው ቀበሌ መጋዘን ገብተዋል።

በመጀመሪያው ክረምት ጋሼ ቅጠል አኘኩ። «ብርዱን ሳላይ እንዴት እመርጣለሁ?» አሉና ክረምቱ አለፈ። በሁለተኛው ክረምት ከየችግኙ ቀንበጥ ቆርጠው፣ የወተት ዕቃ እንደሚታጠነው ቅል አጠኑ፤ አንዱን ቅል በሀገር ወይራ። ወተት ሞልተው ለኮሚቴው አስቀመሱ።

«ጓድ ቀጀላ፣ እኛ የምንፈልገው ዘይት ነው!»

«ጭሱ ያልጣመ ዛፍ ዘይቱ ይጥማል፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

ጓድ ተክሌ እያጉረመረመ በሀገር ወይራ የታጠነውን ቅል ጨለጠና ይደገም አለ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር።

በሦስተኛው ክረምት ሳቅ አልነበረም። ከበላይ አካል ጥያቄ መጥቶበት ጓድ ተክሌ ፊቱ ጠቁሯል። «ዛሬ አንዱን ይመርጣሉ» አለ። «ካልሆነ ይኼ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው። አሻጥር የት እንደሚያደርስ ያውቃሉ።»

ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከሰፈራችን በዚያ ቃል ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው ነበር። እትዬ ኢፍቱ የአዳራሹ በር ላይ የባላቸውን ጋቢ አጣጥፈው ይዘው ቆመዋል። ለምን እንደያዙት ማንም አልጠየቃቸውም፤ እስር ቤት እንደሚበርድ የማያውቅ አልነበረም።

ጋሼ ተነሡ። መድረኩ ሥር ወደተደረደሩት ችግኞች ጎንበስ ብለው ቅጠል በቅጠል ገለበጡ። ዛሬን ብቻ አይበሉት፣ ዛሬን ብቻ እያልኩ እጸልያለሁ።

«ሌላ የለም?» አሉ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የለም!» አለ ጓድ ተክሌ።

«እንግዲያው ሦስቱንም። ‹አንዱ ብቻውን አያፈራም› ያለው ይኼው የእህቴ ልጅ ነው፣ የተማረው። ብርዱን የሚችል ሥር ደግሞ ዳገቱ ላይ ቆሟል። የእነዚህን ቀንበጥ ቆርጠን በሀገር ወይራው ቅርንጫፍ ስንጥቅ ላይ እናጣብቀው። ሥሩ ከእኛ፣ ፍሬው ከእነሱ።»

«ምንጣሮውስ?»

«ዛፉን ከቆረጥነው ምን ላይ ልናጣብቅ ነው፣ ጓዴ?»

የጓድ ተክሌ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። «ሥሩ ከሰፊው ሕዝብ፣ ፍሬው ከወዳጅ አገሮች» አለ ቀስ ብሎ፣ መፈክር መሆኑን እየቀመሰ። ከዚያ አጨበጨበ፤ አጨበጨብን። እትዬ ኢፍቱ ጋቢውን ራሳቸው ደረቡት።

የተጣበቀው ቀንበጥ ሁሉ ደረቀ። አንድ ጠርሙስ ዘይት አልወጣም። ጓድ ተክሌ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ ኮሚቴው ሳይፈርስ ተረሳ። ግራና ቀኙ ባህር ዛፍ ሲሆን ያ ዳገት ግን የሀገር ወይራ እንደሆነ ቀረ። ዛሬም ቀና ብዬ ባየሁት ቁጥር ፊቴ በእፍረት ይሞቃል፤ የሚያሳፍረኝ ግን እንደ ድሮው የጋሼ ሥራ ሳይሆን የራሴ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ሾላ ገበያ ነው። የቲማቲሙን ክምር ገልብጠውት ሻጯ ታንጓጥጣለች፦ «አባባ፣ ሊድሩት ነው ወይስ ሊበሉት?» ያን ቀን ጀርባዬን አልሰጠሁም። ዘንቢላቸውን ያዝኩላቸው። መንገድ ዳር ስንቆም፣ ስንት ዓመት የያዝኩትን ጥያቄ ጀመርኩት።

«ጋሼ፣ ያ ሁሉ ክረምት... ያን ጊዜ ወይራዎቹን ለማትረፍ ብለው ነው ወይስ—»

አንድ ውይይት መጣ፤ እስከ አፉ የሞላ፣ ሾፌሩም ፊቱን የከሰከሰ። ጋሼ ቀጀላ ዘንቢላቸውን ከእጄ ነጥቀው ዘለው ገቡ። «ሌላ የለም?» እንኳ አላሉም።