ነጥብ የሚደብቀው መምህር

ከነጥብ በኋላ ያለ ቁጥር ሲያይ ዓይኑን የሚቆረቁረው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት አገኘሁት። የልጄ ካርድ «አማካይ 50» ይላል፤ ከጎኑ ደግሞ «ወድቃለች»። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ሃምሳ ከሃምሳ በምን ያንሳል?

ካርዱን የሠራው መምህር ሸሚዙ በቅጡ የተተኮሰ፣ እስክሪብቶዎቹን በቁመታቸው የሚደረድር ሰው ነው። «ጋሼ፣ ኤክሴል አይሳሳትም» አለኝ በትሕትና፤ ኮምፒውተሩንም አሳየኝ። እውነትም ሃምሳ ይላል።

ልጄ ከጎኔ ሆና፣ «ቲቸር፣ ነጥቡን የሚያወጣውን ቁልፍ እስኪ ይጫኑት» አለች። ተጫነው። ሃምሳው 49.6 ሆነ።

«ካርዱ እንዳይዝረከረክ ብዬ እኮ ነው የደበቅኩት» አለ መምህሩ።

ለካ ኮምፒውተር ለዓይናችን አጠጋግቶ ያሳየናል እንጂ፣ የሚፈርደው በሆዱ በያዘው ነው። ይህን ጠባይ ከማን ተማረው?

«ታዲያ የልጄ ውጤት የትኛው ነው?» አልኩት።

«በሆዱ ያለው ነዋ። ይቅርታ ጋሼ፣ ክፍሉን ትደግማለች።»

መንገዱን ሙሉ የሰውየው ነገር ሲገርመኝ መጣሁ። ለሸሚዝ ቢሆን እሺ፣ የልጅ ውጤት እንዴት ይተኮሳል? ቤት ስንደርስ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችን።

«ስንት አመጣች?»

«ሃምሳ» አልኳት።

«እሰይ፣ አለፈቻ።»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ ነጥቡንም ንገራት እንጂ።»